የአውሮፓን ግራንት ለትንሽ ቢዝነስ ማግኘት፦ ከሰፈር ቢሮ ተነስቶ እስከ ብራስልስ

"አውሮፓ ለስታርታፕ ነጻ ገንዘብ ይሰጣል የሚሉት እውነት ነው?" ይህን ጥያቄ በወር አንድ ሁለቴ እጠየቃለሁ። ልደት ላይ፣ ቡና ላይ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላም ላይ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። አዎ፣ እውነት ነው። ገንዘቡ አለ፣ ደግሞም ብዙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የምርምርና የፈጠራ ፕሮግራም የሆነው ሆራይዘን ዩሮፕ ብቻውን፣ ከ2021 እስከ 2027 ላለው ጊዜ ሲጀመር ወደ 95 ቢሊዮን ዩሮ ተይዞለት ነበር። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ሰዉ ከላይ መጀመሩ ነው። በቀጥታ ብራስልስ ላይ ያንጋጥጣል፣ መቶ ገጽ ሰነድ ያወርዳል፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል፣ ይተወዋል። እሱ ይህን ሲያደርግ በሚኖርበት ከተማ፣ ምናልባትም በየወሩ በሚመላለስበት ቢሮ ውስጥ፣ ለእሱ የተዘጋጀ ትንሽ ገንዘብ ሳይጠየቅ ያልፋል። ስለዚህ እኔ የምጽፈው ከታች ወደ ላይ ነው። የምኖረው ጀርመን ስለሆነ የጀርመኑን በዝርዝር አነሳለሁ፣ የሌሎቹን አገሮች ግን በአጭሩ።

1. ቢዝነሳችሁ የትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ

ይህን ሳታደርጉ ምንም ፎርም አትክፈቱ። ከአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ የሚመጣ ግራንት ምግብ ቤት ለመክፈት፣ ጸጉር ቤት ለማሳደስ ወይም መኪና ለመግዛት አይሰጥም። እነዚህ ሥራዎች ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ብራስልስ የሚከፍለው ግን ከዚህ በፊት ላልተሠራ ነገር ነው።

እኔ ሰዎችን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለችኝ። "ጎረቤትህ ገንዘብ ቢኖረው፣ ይህንኑ ሥራ ነገ ዕቃ ገዝቶ ሊጀምረው ይችላል?" መልሱ "አዎ" ከሆነ መንገዳችሁ የሰፈር ነው፦ የሥራ ቢሮ፣ የክልሉ ልማት ባንክ፣ የማዘጋጃ ቤት ድጋፍ። መልሱ "አይችልም፣ ምክንያቱም እኛ ብቻ የሠራነው ነገር አለ" ከሆነ የአውሮፓ በር ይከፈታል። እንጀራ ጋግሮ መሸጥ የመጀመሪያው ነው። ግማሽ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚቆጥብ አዲስ ምጣድ ሠርቶ፣ ለክቶና ፈትኖ ማሳየት ሁለተኛው ነው። እንጀራው አንድ ነው፣ የምታንኳኩት በር ግን ለየቅል።

ግራንት ከብድርም ይለያል። ግራንት አይመለስም። ብዙ "የአውሮፓ ድጋፍ" ተብለው የሚወሩ ነገሮች ግን በባንክ በኩል የሚሰጡ ብድሮችና የብድር ዋስትናዎች ናቸው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ብቻ የትኛውን እያመለከታችሁ እንደሆነ እወቁ።

2. ወረቀታችሁን አስተካክሉ

መጀመሪያ መኖሪያ ፈቃዳችሁን አውጡና አንብቡት። ጀርመን ውስጥ "ኤርቨርብስቴቲግካይት" ተፈቅዷል የሚል ከሆነ ተቀጥራችሁም የራሳችሁን ከፍታችሁም መሥራት ትችላላችሁ። "ቤሼፍቲጉንግ" ብቻ የሚል ከሆነ ግን የተፈቀደላችሁ ተቀጥሮ መሥራት ነው፣ የራስ ድርጅት አይደለም። በአንዲት ቃል ልዩነት ስንት ዕቅድ ሲሰናከል አይቻለሁ። ፈቃዱን ማስቀየር የሚቻልበት መንገድ ስላለ፣ ይህን ጉዳይ ከሁሉም በፊት ከውጭ ዜጎች ቢሮ ጋር ጨርሱት።

ቀጥሎ መጠናችሁን እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት መለኪያ ትንሽና መካከለኛ ድርጅት የሚባለው ከ250 ሰው በታች የሚሠራበትና፣ ወይ ዓመታዊ ሽያጩ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ ያልበለጠ፣ ወይ ጠቅላላ ሀብቱ ከ43 ሚሊዮን ያልበለጠ ነው። ከ10 ሰው በታች ሆኖ ሽያጩ ወይም ሀብቱ ከ2 ሚሊዮን ካልበለጠ ደግሞ ጥቃቅን ይባላል። አብዛኛዎቻችን እዚህ ነን። ልብ በሉ፣ የድርጅታችሁን 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሌላ ኩባንያ ከያዘ የዚያ ኩባንያ ሰውና ገንዘብ እንደ ድርሻው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ከእናንተ ጋር ይደመራል። ሀብታም ዘመድ በትልቅ ድርጅቱ ስም ሼር ከገዛላችሁ ይህን አስቡበት።

አንድ ሌላ ቁጥርም አለ። መንግሥታት ለአንድ ድርጅት ብዙ ማጣራት ሳያደርጉ የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ በ3 ዓመት ውስጥ ከ300 ሺህ ዩሮ መብለጥ የለበትም። ከ2024 በፊት 200 ሺህ ነበር። ስታመለክቱ "እስካሁን ምን ያህል ወስዳችኋል?" የሚል ቅጽ ይመጣል። በእውነት ሙሉት። ቁጥሩን ለመሙላት ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን የድጋፍ ደብዳቤ በአንድ ፋይል አኑሩ።

3. ከማመልከታችሁ በፊት አትግዙ፣ አትፈርሙ፣ ቀብድ አትክፈሉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

አንድ ጓደኛዬ ቡና ቆልቶ ለካፌዎች ማከፋፈል ፈለገ። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ደንበኞችም ነበሩት። ያገለገለ የቡና መቁያ ማሽን በጥሩ ዋጋ አገኘና "እንዳያመልጠኝ" ብሎ ውል ፈረመ፣ ቀብድ ከፈለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመሣሪያ መግዣ የሚሰጥ የክልል ድጎማ እንዳለ ሰማ፣ አመለከተ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ ሥራው ከማመልከቻው በፊት ስለተጀመረ አይደገፍም። ማሽኑ ገና ከሻጩ መጋዘን አልወጣም ነበር። ፊርማው ግን እንደ መጀመሪያ ተቆጠረ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ይኼ ነው።

የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው። ድጎማ የሚሰጠው ያለ ድጎማው ለማይሆን ነገር ነው። ያለ እነሱ ገንዘብ ከገዛችሁት "ታዲያ እኛ ለምን እንከፍላለን?" ይላሉ። ይህ በየደረጃው ይመጣባችኋል። በሥራ ቢሮው ድጋፍ ላይ አለ፣ በብራስልስ ፕሮጀክት ላይም አለ፤ እዚያ ከውሉ የመጀመሪያ ቀን በፊት የወጣ ወጪ በመርህ ደረጃ አይታሰብም። ፕሮፖዛሉን ለማዘጋጀት ያወጣችሁትም ገንዘብ አይመለስም።

ዋጋ መጠየቅ፣ ማወዳደር፣ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ትችላላችሁ። እንዲያውም ሁለት ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል። ሻጩ "ዛሬ ካልፈረምክ ይሸጣል" ካለ ቢሮውን ደውላችሁ ቀድሞ የመጀመር ፈቃድ እንዳለ ጠይቁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች በጽሑፍ ይፈቅዳሉ። በቃል የተባለውን አትመኑ፣ በኢሜይል ይምጣላችሁ።

4. ከቤታችሁ አጠገብ ያለውን ገንዘብ ጠይቁ

ጀርመን ውስጥ ሥራ ፈትታችሁ "አርባይትስሎዘንጌልድ አይንስ" የምታገኙ ከሆነ "ግሩንዱንግስሱሹስ" የሚባል ድጋፍ አለ። የራሳችሁን ሥራ በሙሉ ጊዜ ስትጀምሩ፣ ለ6 ወር ታገኙት የነበረውን የሥራ አጥ ክፍያ ያህልና በላዩ 300 ዩሮ በየወሩ ይከፈላችኋል። ከዚያ በሥራው እየገፋችሁ መሆኑን ካሳያችሁ ለተጨማሪ 9 ወር 300 ዩሮ ሊቀጥል ይችላል። በምሳሌ እንየው። ክፍያችሁ 1,400 ዩሮ ከነበረ፣ በወር 1,700 ለ6 ወር 10,200 ይሆናል። 300 ለ9 ወር 2,700 ነው። ድምሩ 12,900 ዩሮ፣ አይመለስም፣ የገቢ ግብርም አይቆረጥበትም።

ቅድመ ሁኔታው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሥራውን በምትጀምሩበት ቀን ቢያንስ 150 ቀን የክፍያ መብት ሊቀራችሁ ይገባል። የ12 ወር መብት ያለው ሰው 7ኛው ወር ሳያልቅ መጀመር አለበት ማለት ነው። ንግድ ፈቃዱን፣ ማለትም "ጌቨርበ"ውን፣ ከማውጣታችሁ በፊት የሥራ ቢሮው (አርባይትስአምት) ሄዳችሁ ቅጹን ተቀበሉ። ቢዝነስ ፕላን ትጽፋላችሁ፣ ሥራው ሊያዋጣ እንደሚችል ደግሞ የንግድ ምክር ቤት፣ ባንክ ወይም የታክስ አማካሪ በጽሑፍ ያረጋግጥላችኋል። ድጋፉ መብት ሳይሆን በሥራ ቢሮው ባለሙያ ውሳኔ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ቀጠሮው ላይ ተዘጋጅታችሁ ቅረቡ። "ለምን ተቀጥረህ አትሠራም?" ትባላላችሁ። መልስ ይኑራችሁ።

ኑሯችሁ በጆብሴንተር (መሠረታዊ የኑሮ ድጋፍ በሚሰጠው ቢሮ) ድጋፍ ከሆነ ደግሞ "አይንሽቲግስጌልድ" የሚባለውን ጠይቁ። እሱም ለራስ ሥራ ይሰጣል፣ እስከ 24 ወር ሊሄድ ይችላል። ከሁለቱም ቢሮ ደግሞ የአማካሪ ቫውቸር መጠየቅ ይቻላል። በእሱ አንድ እውቅና ያለው አማካሪ ቢዝነስ ፕላናችሁን ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ከኪሳችሁ ምንም አትከፍሉም። እኔ ይህን ሳላውቅ ለቢዝነስ ፕላን ብዙ መቶ ዩሮ ከፍያለሁ። እናንተ አትክፈሉ።

ተማሪ ከሆናችሁ፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሳችሁ ብዙ ካልቆያችሁ፣ "ኤክሲስት" የሚባለውን ስኮላርሺፕ እዩ። ከቴክኖሎጂ ወይም ከዕውቀት የመነጨ ሐሳብ ላለው ቡድን እስከ 12 ወር የመተዳደሪያ ገንዘብ ይሰጣል፦ ለተማሪ በወር 1,000፣ ለተመራቂ 2,500፣ ለዶክተር 3,000 ዩሮ፣ ለልጅ ደግሞ 150 ተጨማሪ። የሚያመለክተው ዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የጀማሪዎች ቢሮ አንኳኩ። እዚህም ያው ነው፣ ኩባንያውን ቀድማችሁ አትመዝግቡ።

ሌላውን የፌደራልና የክልል ገንዘብ "ፎርደርዳተንባንክ" በሚባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት ውስጥ በክልልና በሥራ ዓይነት መፈለግ ትችላላችሁ። ብዙው የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለትንሽ ድርጅት የሚደርሰው እንዲህ ነው። ብራስልስ ለክልሉ ይሰጣል፣ ክልሉ በራሱ ቢሮ ያከፋፍላል። ማስታወቂያው ግርጌ የአውሮፓ ኅብረት ባንዲራ ታያላችሁ።

ስዊድን ያላችሁ፣ ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ የሥራ ቢሮው ለንግድ ጀማሪዎች ለተወሰኑ ወራት የሚሰጠው ድጋፍ አለ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ጣሊያን ያላችሁ ኢንቪታሊያ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ለሴቶች በማንኛውም ዕድሜ፣ ለወጣቶች ደግሞ ከ18 እስከ 35 ዓመት፣ ግራንትና ወለድ አልባ ብድር አደባልቆ የሚሰጥበትን ፕሮግራም ተመልከቱ። ፈረንሳይ ውስጥ የቀራችሁን የሥራ አጥ ክፍያ በከፊል እንደ መነሻ ካፒታል መውሰድ ይቻላል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ብትወጣም ከጥር 2024 ጀምሮ በሆራይዘን ዩሮፕ በተባባሪነት ትሳተፋለች።

5. መካከለኛው ደረጃ፦ ትንንሽ የአውሮፓ ገንዘቦች

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ ዓይነት ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀውም ይህ ነው።

የአውሮፓ ኮሚሽን ትልቅ ፕሮጀክት ለአንድ ጥምረት ይሰጥና፣ ጥምረቱ ከገንዘቡ ከፍሎ ለትንንሽ ድርጅቶች ያድላል። "ካስኬድ ፈንዲንግ" ይሉታል፣ እንደ ፏፏቴ ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ገንዘብ። መጠኑ እንደ ጥሪው (እንደ ማመልከቻ ማስታወቂያው) ቢለያይም ብዙዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይሰጣሉ። ቅጹ አጭር ነው፣ ውድድሩም ከትልቁ ይቀላል፣ ገንዘቡ ደግሞ ሥራው በየደረጃው ሲደርስ ይለቀቃል። ጥሪዎቹን የኮሚሽኑ የፈንድና የጨረታ ፖርታል ላይ ለሦስተኛ ወገን የሚሰጡ ጥሪዎች በሚለው ክፍል ታገኛላችሁ።

ፕሮግራመር ከሆናችሁ ኔዘርላንድስ ያለውን ኤንኤልኔት የሚባል ድርጅት እወቁ። ኤንጂአይ ዜሮ በሚባለው ፈንድ በኩል ለክፍት ሶፍትዌር (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ) ሥራ ከ5 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዩሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ኩባንያ መሆን ግዴታ አይደለም። ግለሰብም ማመልከት ይችላል፣ ከአውሮፓ ውጪ የሚኖርም ጭምር፣ ሥራው ለአውሮፓም ጥቅም እንዳለው ካሳየ። የመጀመሪያው ቅጽ አጭር ነው፦ ምን ትሠራላችሁ፣ ከዚህ በፊት ምን ሠራችሁ፣ ስንት ያስፈልጋችኋል፣ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰሉት እነማን ናቸው። የግዕዝ ፊደልን በስልክና በኮምፒውተር በደንብ የሚያሠራ ክፍት መሣሪያ የሚሠሩ ልጆች አሉን። ቢያንስ አንዴ መሞከር አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ሴት መሥራቾች ደግሞ ዊመን ቴክ ኢዩ የሚባለውን ተከታተሉ። በሳይንስና በቴክኖሎጂ ላይ የተመሠረተ ገና ጀማሪ ኩባንያ ኖሯችሁ፣ በውስጡ ከፍተኛ የአመራር ቦታ ላይ ከሆናችሁ፣ 75 ሺህ ዩሮ ከሥልጠናና ከአማካሪ ጋር ይሰጣል። ጥሪው በዙር ነው የሚወጣው።

የንግድ ምልክታችሁን ወይም ዲዛይናችሁን ለማስመዝገብ የአውሮፓ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ ለትንንሽ ድርጅቶች የሚሰጠው ቫውቸር አለ፣ የመመዝገቢያውን ክፍያ በከፊል ይመልሳል። ቅመም፣ ቡና፣ ልብስ በራሳችሁ ስም ለምትሸጡ ይህ ይጠቅማችኋል። ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ ቫውቸሩ ይፈቀድ፣ ከዚያ ክፈሉ። ቀድሞ የተከፈለ አይመለስም።

ገና ልትጀምሩ ከሆነ ወይ ከጀመራችሁ ሦስት ዓመት ካልሞላችሁ፣ ኢራስመስ ፎር ያንግ አንተርፕረነርስ በሚባለው ሌላ አገር ካለ ልምድ ካለው ነጋዴ ዘንድ ከ1 እስከ 6 ወር ሄዳችሁ መማር ትችላላችሁ። በወር ለኑሮ የሚሆን ድጎማ ይሰጣል። ስሙ "ያንግ" ቢልም የዕድሜ ገደብ የለውም።

6. ትልቁ በር

አሁን ወደ ብራስልስ። የአውሮፓ የፈጠራ ምክር ቤት (ኢአይሲ) የሚያካሂደው ኢአይሲ አክሰለሬተር ለአንድ ድርጅት ብቻውን የሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ ነው። እስከ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ ግራንት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የኩባንያውን ድርሻ ገዝቶ የሚገባ ኢንቨስትመንት፤ በ2025ቱ የሥራ ዕቅድ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 10 ሚሊዮን ነበር። ድርጅቱ በኅብረቱ አባል አገር ወይም በተባባሪ አገር (አባል ሳይሆን በስምምነት ፕሮግራሙን በተቀላቀለ አገር) መመዝገብ አለበት። የእንግሊዝ ኩባንያዎች ግራንቱን እንጂ የድርሻ ኢንቨስትመንቱን አይወስዱም። ሐሳብ ብቻ ይዞ መሄድ አይቻልም። በተግባር የተፈተነ ናሙና መኖር አለበት።

መጀመሪያ አጭር ማመልከቻ ትልካላችሁ፦ ቅጽ፣ ሥራችሁን የሚያስተዋውቅ ባለ 10 ስላይድ ማቅረቢያ (ፒች ዴክ)ና እስከ 3 ደቂቃ ቪዲዮ። ካለፋችሁ ሙሉ ፕሮፖዛል፣ ከዚያ ዳኞች ፊት ቃለ መጠይቅ። መጨረሻ ላይ የሚደርሱት ከመቶ አመልካች ከአሥር በታች ናቸው። ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። የቤት ኪራይ የምትከፍሉበትን ገንዘብ ከዚህ አትጠብቁ ለማለት ነው።

በሌላ አገር አጋር ካላችሁ፣ የተለያዩ አገሮች ድርጅቶች በጋራ ለሚሠሩት ፕሮጀክት ገንዘብ የሚሰጠው ዩሮስታርስ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ከሁለት የተለያዩ ተሳታፊ አገሮች ቢያንስ ሁለት ድርጅቶች ያስፈልጋሉ። መሪው ፈጠራ ላይ የሚሠራ ትንሽ ወይም መካከለኛ ድርጅት ነው፣ ከወጪው ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ በትንንሾቹ ድርጅቶች እጅ መሆን አለበት፣ አንድ አገር ወይም አንድ ድርጅት ከ70 በመቶ በላይ አይዝም። ፕሮጀክቱ እስከ 36 ወር ይሄዳል፣ ውጤቱም ካለቀ በ2 ዓመት ውስጥ ገበያ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ገንዘቡን ለየድርጅቱ የሚከፍለው የየራሱ አገር ስለሆነ፣ ጥሪው በዓመት ሁለቴ ሲወጣ አገራችሁ በዚያ ዙር በጀት መያዟን አረጋግጡ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ ኢአይሲ አክሰለሬተርን ብቻችሁን ማመልከት አትችሉም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በሆራይዘን ዩሮፕ ገንዘብ እንዲያገኙ ከተፈቀደላቸው አገሮች መካከል ናት። ቢያንስ ሦስት ድርጅቶች ከሦስት የተለያዩ አባል ወይም ተባባሪ አገሮች (አንዱ የግድ ከአባል አገር) በመሠረቱት ጥምረት ውስጥ አራተኛ ሆናችሁ ገብታችሁ የራሳችሁን በጀት መያዝ ትችላላችሁ። በግብርና፣ በጤናና በታዳሽ ኃይል ላይ የአፍሪካ አጋር የሚፈልጉ ጥሪዎች ይወጣሉ። ኮርዲስ የሚባለው የኮሚሽኑ የመረጃ ቋት ውስጥ "ኢትዮጵያ" ብላችሁ ፈልጉ፣ ከዚህ በፊት ከኢትዮጵያ ጋር የሠሩትን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ታገኛላችሁ። እነሱን ነው መጻፍ ያለባችሁ። ምን እንደምትችሉ፣ ምን መረጃ ወይም መስክ እንዳላችሁ በአንድ ገጽ።

7. ምዝገባና አጻጻፍ

ኢዩ ሎጊን የሚባል አካውንት ክፈቱ፣ ከዚያ የኮሚሽኑ የፈንድና የጨረታ ፖርታል ላይ ድርጅታችሁን አስመዝግቡ። ፒክ የሚባል ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከየትም አገር ሆኖ ማውጣት ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። የድርጅቱ ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። የእኛ ስም በፈረንጅ ፊደል በየወረቀቱ በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ እዚህ ብዙ ሰው ይንገላታል።

ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት የጥሪውን ጽሑፍ አትሙና በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ። "የሚጠበቅ ውጤት" የሚለው ክፍል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። በጥምረት በሚቀርቡት የሆራይዘን ፕሮጀክቶች ገምጋሚዎቹ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ የሥራው ብቃት፣ የሚያመጣው ለውጥና አፈጻጸሙ። እያንዳንዱ ከ5 ይታረማል። በመደበኛው ከእያንዳንዱ 3፣ በድምሩ ከ15 ቢያንስ 10 ያስፈልጋል። ይህ ግን ማለፊያ እንጂ ማሸነፊያ አይደለም። የሚያሸንፉት ከ13 በላይ ያላቸው ሆነው ነው የማያቸው። ከገጽ ገደቡ ያለፈ ጽሑፍ ለገምጋሚው እንኳ አይታይም።

በጣም የሚያሳዝነኝ የእኛ ሰው ትሕትና ነው። ሦስት ዓመት የደከመበትን ሥራ "ትንሽ ሞክረናል" ብሎ ይጽፋል። እዚህ ትሕትና ነጥብ ያስቀንሳል። "በ14 ካፌ ውስጥ ለ8 ወር ፈተንነው፣ 11ዱ ከፍለው ቀጠሉ" ብላችሁ ጻፉ፣ እውነት ከሆነ። ቁጥር ውሸት አይወድም፣ ግን መደበቅም አይገባውም።

በጀቱን እንዲህ አስቡት። ቀጥታ ወጪያችሁ፣ ማለትም ደመወዝ፣ መሣሪያ፣ ጉዞ፣ 800 ሺህ ዩሮ ነው እንበል። በላዩ 25 በመቶ ለቢሮና ለመብራት ለመሳሰለው በጅምላ ይታሰባል፣ 200 ሺህ። ለሌላ ድርጅት በኮንትራት የምታሠሩት ላይ ይህ 25 በመቶ አይታሰብም። ድምሩ 1 ሚሊዮን ሆነ። ኢአይሲ የሚሸፍነው 70 በመቶውን ስለሆነ ግራንቱ 700 ሺህ ነው። ቀሪው 300 ሺህ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት አለባችሁ። ከታክስ ተመላሽ የምታገኙት ቫት እንደ ወጪ አይያዝላችሁም።

ቀነ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ በብራስልስ ሰዓት 17:00 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ በበጋቸው 12 ሰዓት፣ በክረምታቸው ማታ 1 ሰዓት ነው። ፖርታሉ አንድ ደቂቃ አይታገሥም። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ጊዜ ላኩት። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ አርማችሁ ደግማችሁ መላክ ትችላላችሁ፣ የመጨረሻው ነው የሚያዘው።

8. ገንዘቡ እስኪገባ እንዴት ትቆያላችሁ?

በመደበኛው የሆራይዘን አካሄድ ውጤት እስኪነገር እስከ 5 ወር፣ ውል እስኪፈረም ሌላ 3 ወር ይሄዳል። ከፊርማ በኋላ ቅድመ ክፍያ ይገባል፣ የመጨረሻው ክፍል ግን ሥራው አልቆ ሪፖርቱ ከጸደቀ በኋላ ነው። በክልል ድጎማዎች ብዙ ጊዜ ቅድመ ክፍያም የለም። ከፍላችሁ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ይመልሱላችኋል። 20 ሺህ ለማግኘት መጀመሪያ 40 ሺህ ማውጣት ሊኖርባችሁ ይችላል።

ብዙዎቻችን ይህን ክፍተት የምንሞላው በዕቁብ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ዕቁቡ እንደወጣ ገንዘቡ ባንክ ይግባ። ከዘመድ ከተበደራችሁ የብድር ውል ጻፉ፣ በባንክ ይተላለፍ። በካሽ የተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ቢኖረውም ኦዲት ሲመጣ ያስጨንቃል። ለፕሮጀክቱ የተለየ ሂሳብ ቁጥር ክፈቱ። ማን በየትኛው ቀን ምን እንደሠራ በየወሩ እየፈረማችሁ መዝግቡ፣ በዓመቱ መጨረሻ አስታውሳችሁ አትጻፉ። በሆራይዘን ሰነዱ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ 5 ዓመት ይቀመጣል፣ ግራንቱ ከ60 ሺህ ዩሮ ካልበለጠ 3 ዓመት።

9. ማንን ልጠይቅ?

በነጻ የሚረዱ አሉ፣ ከፋዮቹን ከመፈለጋችሁ በፊት እነሱን ተጠቀሙ። በየአገሩ ናሽናል ኮንታክት ፖይንት የሚባሉ ሥራቸው ለሆራይዘን አመልካቾች መልስ መስጠት ብቻ የሆነ ሰዎች አሉ። ኢንተርፕራይዝ ዩሮፕ ኔትወርክ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ለትንንሽ ድርጅቶች የሚያማክር መረብ ነው፣ በየክልሉ ቢሮ አለው፣ በሌላ አገር አጋርም ያፈላልጋል። ኢሜይል ጻፉላቸው። አንድ ገጽ የሥራ መግለጫ አያይዙ። ከዚህ ጥሪ ጋር እሄዳለሁ ወይስ አልሄድም ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። "አትሄድም" የሚል ፈጣን መልስ የሁለት ወር ድካም ያድናችኋል።

የሚከፈላቸው አማካሪዎችም አሉ፣ ጥሩዎችም አሉባቸው። ግን ግራንቱ እንደሚወጣ ዋስትና የሚሰጥ፣ "ብራስልስ ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል፣ ወይም ግራንቱን ለማስለቀቅ ቅድሚያ "የፋይል ክፍያ" የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። የአውሮፓ ኮሚሽን ለማመልከት ምንም ክፍያ አይጠይቅም። በቴሌግራምና በፌስቡክ "ተመርጠዋል፣ ፓስፖርትና 200 ዩሮ ይላኩ" የሚሉት ሁሉ ሌቦች ናቸው። በዚህ የተበሉ እናቶችን አውቃለሁ።

10. "አልተቀበልንም" ሲሏችሁ

ይሏችኋል። እኔንም ብለውኛል። ከውሳኔው ጋር የገምጋሚዎቹ አስተያየት ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አታንብቡት፣ ያናድዳል። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሆናችሁ አንብቡት። አስተያየቱን በሦስት ክፈሉት፦ ገምጋሚው ያልገባው (አጻጻፋችሁን አስተካክሉ)፣ ማስረጃ የጎደለው (ሄዳችሁ ሰብስቡ)፣ ከጥሪው ጋር የማይሄድ (ሌላ ጥሪ ፈልጉ)። ደግሞ ማመልከት በብዙዎቹ ይፈቀዳል። ኢአይሲ ግን ስንት ጊዜ መሞከር እንደሚቻል ገደብ ስላለው ሁለተኛውን ሙከራ ሳትዘጋጁ አታባክኑ። የጻፋችሁት ገበያ ጥናትና በጀትም አይጠፋም። ለካስኬድ ጥሪ፣ ለክልሉ ባንክ፣ ለዩሮስታርስ በጥቂት ቀን ተቆርጦ ይሆናል።

ያ ቡና ቆይ ጓደኛዬ ማሽኑን በራሱ ገንዘብ ከፍሎ ጨረሰ። ባለፈው ዓመት ማሸጊያ መሣሪያ ሲያስፈልገው ግን ሻጩን "ፕሮፎርማ ብቻ ላክልኝ" አለው፣ አመለከተ፣ ደብዳቤው እስኪመጣ አራት ወር ጠበቀ። ደብዳቤው በመጣ በማግስቱ ፈረመ።